ቀምሰው የማይውጡት ጋሽ ዘውዴ

በ1994 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ አጫጅ በሚጠብቅበት፣ ሌሊት ሌሊት ውርጩ መስኩን በሚያነጣበት ሰሞን፣ ለትልቋ ልጄ ለአስካለ ሽማግሌ ተላከ። ያን ቀን ዛሬ እንድጽፈው ያደረገኝ የጎረቤቴ የጋሽ ዘውዴ ዕረፍት ነው። ባለፈው ሰኔ ቀበርናቸው። ለቅሶው ላይ ስለ እሳቸው የሚያወራ ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ አልቃሿ እንኳ ሙሾዋን አቋርጣ ስቃለች። እኔ ወሬ አልችልበትም። ያየሁትን ጽፌ ላመስግናቸው ብዬ ነው።

ጋሽ ዘውዴ የአገራችን የዘመሮ ተወላጅ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ገብተው፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል ከመጠጥ ባንኮኒ ኋላ ቆመው ብዙ ዓመት ሠርተዋል። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ። ሲመጡ ዓይናቸው ቢጫ ነበር፤ መጠጥ ጉበታቸውን ጎድቶት ነው። እናታቸው ደግፈው መድኃኔ ዓለም ጠበል ወሰዷቸው። እዚያ ሳሉ፣ "ብታድነኝ ከእንግዲህ መጠጥ በጉሮሮዬ አይወርድም" ብለው ተሳሉ። ዳኑም።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ በኋላ መጠጥ የሚባል ነገር ደጁን አያስረግጥም ነበር። ጋሽ ዘውዴ ግን እንደተሻላቸው ሻንጣቸውን ፈቱ። ሻንጣው ውስጥ ክዳን ያለው የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ነበር፤ መጠጥ ከበረዶ ጋር የሚናጥበት፣ እሳቸው ሼከር የሚሉት። እጀታው የተጠማዘዘ ረጅም ማንኪያ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለሉ ባለ እግር ብርጭቆዎች፣ የሎሚ መላጫ ቢላ፣ አንድ ጥቁር ሰደርያም ነበር። ያን ሰደርያ የሚለብሱት መጠጥ ሲቀላቅሉ ብቻ ነው። የእኛን አገር ብርድ ለሚያውቅ፣ ጋቢ አውልቆ በሰደርያ መቆም ቀልድ አይደለም። እሳቸው ግን፣ "ጋቢ ለብሶ የሚቀላቅል ሰው መጠጡን ያስተኛዋል" ይሉ ነበር።

የንስሐ አባታቸው ወሬውን ሰምተው መጡ።

"ዘውዴ፣ ስለቱስ?"

"አባቴ፣ የማለው ጉሮሮዬ ነው። ምላሴ አልማለም።"

ቄሱ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። "ምላስህና ጉሮሮህ ጎረቤት ናቸው፤ አጥሩን ጠብቅ" ብለዋቸው ሄዱ።

ጋሽ ዘውዴም አጥሩን ጠበቁ። የቀላቀሉትን ሁሉ ይቀምሳሉ፤ አፋቸው ውስጥ ያዟዙሩታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይቆያሉ፤ ከዚያ ከበር ኋላ በተቀመጠ ጣሳ ውስጥ ይተፉታል። አንዲት ጠብታ ሲውጡ ያየ የለም።

እኔ ደግሞ አረቄ አወጣ ነበር። ባሌ ሲሞት ልጆቼ ትንንሾች ነበሩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያሳደጋቸው ያ እንስራና አረቄው የሚወርድበት ያ መቃ ነው። ግን አረቄ እያወጣሁ አረቄ ቀምሼ አላውቅም ነበር። ስለት የለብኝም፤ ሽታው ብቻ ይበቃኝ ነበር። ድሮ እሳት ላይ ጠብ አድርጌ ጥንካሬውን በነበልባሉ አውቅ ነበር፤ ጋሽ ዘውዴ ከመጡ በኋላ ግን የወጣውን ሁሉ መጀመሪያ ለእሳቸው እወስዳለሁ። ቀምሰው ይነግሩኛል።

"የሺ፣ ዛሬ እሳቱ ቸኩሎብሻል።"

ወይም፣ "ብቅሉ ፀሐይ አልጠገበም።"

ወይም ደግሞ አፋቸው እንደሞላ ጣሳውን ዘንግተው ደጅ ወጥተው ይቆማሉ። ያን ጊዜ አረቄው ደግ እንደሆነ አውቃለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ በዚህ ይዝናኑ ነበር። "እግዜር ሲያገናኝ!" ይላሉ። "አንዷ አውጥታ አትቀምስ፣ አንዱ ቀምሶ አይውጥ! ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ይጠጣው? እኔ ነኛ!"

አዲስ አበባ ያሉ የጋሽ ዘውዴ ወዳጆች በመንገደኛ ውስኪ ይልኩላቸዋል፤ አንዳንዴ ግማሽ ጠርሙስ፣ አንዳንዴ ሥሩ ላይ የቀረች። ሊከር የሚሉት ጣፋጭ መጠጥም ይመጣል፤ የብርቱካን አለ፣ የቡና አለ፣ የእንስላል አለ። ሲመጣላቸው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ጎረቤቱን ይጠራሉ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ማንኪያ ነው። ለማንም አይጨምሩም።

"መጀመሪያ አሽትቱ" ይላሉ። "ከአፍ በፊት የሚጠጣው አፍንጫ ነው። ምን ምን ይላችኋል?"

አንድ እሑድ ከባሕር ማዶ የመጣ ውስኪ አቀረቡ። እትዬ በላይነሽ አሸተቱና ማንኪያውን ከአፍንጫቸው አራቁት።

"ይሄማ የቤቴ ጣራ ነው!"

የእትዬ በላይነሽ ቤት የጓሳ ሣር ክዳን ነው፤ ከስንት ዘመን ጭስ የተነሣ ከውስጥ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ዘውዴ ግን በደስታ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ልክ ነሽ! ጭስ ነው። እነዚያ ሰዎች ብቅላቸውን በጭስ ነው የሚያደርቁት።"

"አምልጧቸው ነው?"

"ሆን ብለው።"

"እኔ በዚህ ጭስ ዓይኔ ሊጠፋ፣ ፈረንጅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ይሸጠዋል? ነገ ጣራዬን አውርጄ እቀቅለዋለሁ!"

እኔ አሽትቼ ማንኪያዬን ከጎኔ ለተቀመጠው አቀብል ነበር። ጋሽ ዘውዴ አንድ ቀንም ቅመሺ ብለው አላስቸገሩኝም። ይህንንም አልረሳላቸውም።

ለቀላቀሉት መጠጥ ስም ያወጡለታል። አረቄ ከብርቱካን ልጣጭና ከማር ጋር ዘፍዝፈው የሠሩትን "የበላይነሽ ኩርፊያ" አሉት፤ መጀመሪያ ይመራል፣ ቆይቶ ይጣፍጣል። እትዬ በላይነሽ ስሙን ሲሰሙ ተቆጥተው ሄዱ። በሳምንቱ መጥተው፣ "እስኪ ያንን እኔን አምጣው" አሉ።

በረዶም አይቸግራቸውም ነበር። በጥቅምትና በኅዳር፣ ሲመሽ ውኃ በዝርግ ሳህን ቀድተው ደጅ ያሳድራሉ፤ ጠዋት እንደ መስተዋት ረግቶ ይገኛል። ሰባብረው ጭድ ውስጥ ይቀብሩታል፣ እስከ ከሰዓትም ይቆይላቸዋል። "ሆቴሉ ለዚህ ስንት ሞተር ያስጮህ ነበር" ይላሉ። "እዚህ ማቀዝቀዣው ሰማዩ ነው።"

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚህ ወራት ነው። የሚያገባት ልጅ ራቤል የሚባል አገር ሰው ነው። አስካለ ወዳዋለች፤ ባትነግረኝም አውቃለሁ። መጀመሪያ መጥተው ጠይቀው ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ነበር፤ አሁን የመጡት መልሱን ለመስማት ነው። የሚመሩት የልጁ አያት አቶ ወንድይራድ ናቸው። መልሱ እሺ ከሆነ ሽማግሌው ከቤታችን ይቀምሳሉ፤ ያን ጊዜ ቃሉ ታሰረ ይባላል። ሳይቀምሱ ከተነሡ ግን ነገሩ እንዳልነበረ ይሆናል።

ከመምጣታቸው በፊት አስካለ፣ "እማዬ፣ ጋሽ ዘውዴ ይቅዱልኝ" አለችኝ።

"ጠላው አይበቃም?"

"እማዬ!"

እሺ አልኩ።

በአገራችን መጠጥ የሚቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚሰጠው። ይህ በሁሉም ቤት ያለ ነው። አቶ ወንድይራድ ዘንድ ግን ደንቡ የጠበቀ ነው። ወንድማቸው አንድ ድግስ ላይ የተሰጠውን ጠጥቶ በዚያው አልጋ ይዞ ሞተ ይባላል። ከዚያ ወዲህ የቀዳው ሰው ዓይናቸው እያየ ካልዋጠ ብርጭቆ አያነሡም። ይህን እኔም አውቅ ነበር፣ ጋሽ ዘውዴም ያውቁ ነበር። ነገር ግን በእኛ ሠፈር መቅመስ ማለት የጋሽ ዘውዴ አቀማመስ ከሆነ ቆይቷል። ሌላ ዓይነት መቅመስ መኖሩን ሁላችንም ረስተነዋል።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በበቅሎ መጡ። ተቀመጡ። ጠየቁ።

"ልጅቷን የሚሰጠን ማነው?" አሉ አቶ ወንድይራድ።

"እኔ ነኝ።"

"አባት?"

"ዐርፏል።"

"እንግዲያው አንቺ ንገሪን።"

"ሰጥቻለሁ" አልኩ።

ደስ አላቸው፤ ረጅም ንግግር ይጠብቁ ነበር መሰለኝ። መጠጡ ይምጣ ተባለ። ጋሽ ዘውዴ ጥግ ላይ በሰደርያቸው ቆመዋል። ሁለት ጊዜ የወጣውን የእኔን ዳግም አረቄ ከመስከረም ጀምሮ በማርና ከጓሳ መስክ በመጣ ጦስኝ ዘፍዝፈውት ነበር። ከእሱ ቀዱ፣ ሎሚ ጨመቁ፣ በረዶ ጨመሩ፣ ሼከሩን ከደኑ፤ ከዚያ ከጆሯቸው በላይ አንሥተው መናጥ ጀመሩ።

አቶ ወንድይራድ ወደ እኔ አዘነበሉ። "ሰውየው ምን ሆኖ ነው?"

"መጠጥ እየቀላቀሉ ነው።"

"ይንጠዋል እኮ!" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ። "ቅቤ ይወጣዋል?"

"ይወጣዋል፤ ትንሽ ይታገሡ" አሉ ጋሽ ዘውዴ መናጡን ሳያቆሙ።

በባለ እግሩ ብርጭቆ ቀዱት። ቀለሙ ቀለል ያለ ወርቅ ነው። ለአቶ ወንድይራድ ሰጧቸው፣ ሼከሩ ውስጥ የቀረውን በመዳፋቸው ተቀብለው አፋቸው ውስጥ ጨመሩት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ወንድይራድም ልክ በዚያች ቅጽበት ጠየቁ።

"ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?"

ይህን ጥያቄ በአገራችን ማንም አያሳድረውም። ጋሽ ዘውዴ ግን አፋቸው ሞልቷል። "እምም" አሉና በጣታቸው በመስኮቱ ወደ አባታቸው ቤት አመለከቱ።

"ዲዳ ነው እንዴ?"

"አይደሉም" አልኩ።

"ታዲያ አባቱን አያውቅም?"

ከመጋረጃው ኋላ አስካለ ሳቋ አመለጣት። የጋሽ ዘውዴ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ዳግም አረቄ አፍ ውስጥ አያስቀምጥም። ጣሳቸውን ፈለጉ፤ ጣሳው ግን እሳቸው ቤት ነው ያለው። ተጣድፈው ደጅ ወጡ። ሲተፉ ሁላችንም ሰማን። ከንፈራቸውን በነጩ ጨርቅ እየጠረጉ ተመለሱ።

"የአቶ ሸዋረጋ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ። መጠጡም ደኅና ነው፣ ይቅመሱ።"

አቶ ወንድይራድ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

"ተፋኸው።"

"ስለት አለብኝ፣ ጋሼ። ጉሮሮዬ ምሏል። ምላሴ ነው ያልማለው።"

ይህን ሲሉ ሁልጊዜ ሰው ይስቅ ነበር። የዚያን ቀን ማንም አልሳቀም።

"የእኔ ጉሮሮ አልማለም" አሉ አቶ ወንድይራድ፤ "ግን ሞኝ አይደለም። አንተ ያልዋጥከውን እኔ አልውጥም።" ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ሁለቱም ተከትለው ተነሡ።

ከመጋረጃው በታች የአስካለ እግር ይታየኝ ነበር። አይንቀሳቀስም።

"ይቆዩ፣ ጋሼ" አሉ ጋሽ ዘውዴ። "እውጣለሁ።"

ጎንበስ ብለው ብርጭቆውን አነሡት። ሲቀዳ ጠብታ አፍስሶ የማያውቅ እጃቸው መጠጡን ጣቶቻቸው ላይ አፈሰሰው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። "መድኃኔ ዓለም፣ ለልጅቷ ነው" ነበር የሚሉት። ከእኔ በቀር የሰማ ያለ አይመስለኝም።

ተነሣሁ።

"ይስጡኝ።"

"አይሆንም፣ የሺ። አንቺ አትጠጪም።"

"ስለት የለብኝም" አልኩና ከእጃቸው ወሰድኩት። ቆሜ ጨለጥኩት።

መጀመሪያ የተሰማኝ ብርድ ነው፤ ጠዋት ምንጭ ላይ ፊት እንደመታጠብ ያለ። ቀጥሎ ሎሚው፣ ቀጥሎ ማሩ። ጦስኙ በአፍንጫዬ ወጣ። ከሁሉም በኋላ እሳቱ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ደረቴ ወረደ። እኔ ያወጣሁት እንደሆነ ለማመን ቸገረኝ። ስንት ዓመት ስሠራው የኖርኩትን ነገር ያን ጊዜ ተዋወቅኩት።

"ደግ ነው" አልኩና ተቀመጥኩ።

አቶ ወንድይራድ ቆመው ፊቴን አዩኝ። "ትንሽ እንቆይ" አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለቱም ተቀመጡ። እሞት እንደሆነ መጠበቃቸው ነው። ጋሽ ዘውዴም ሳይቀሩ እኔን ያያሉ። ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

ጆሮዬ ሞቀ። ከዚያ አፌ ተከፈተ።

"አቶ ወንድይራድ፣ እርስዎን ልግደል ብል ልጄን ለምን እሰጥዎታለሁ? ልጄን አስቀርቼ አልገድልዎትም?"

ሁለተኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን ለማፈን ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ደግሞ ያን ከዘራ ያስቀምጡት፤ ከገቡ ጀምሮ ወለሌን እየቆፈሩት ነው። ትላንት ነው የለቀለቅኩት።"

ከዚያ ወዲያ ያልኩትን በደንብ አላስታውስም። ከደጅ ሆነው ያዳምጡ የነበሩት እትዬ በላይነሽ እንደሚሉት፣ አስካለ የተወለደች ቀን ስለጣለው ዝናብ ሳይቀር ተናግሬያለሁ። የባሌን አስተራረስ ነግሬያቸዋለሁ። ጋሽ ዘውዴ የመድኃኔ ዓለምን ስለት እንዴት አድርገው እንደሚጠብቁ፣ ይህን ስለት ለልጄ ብለው ሊያፈርሱት እንደነበር፣ እንዲህ ያለ ሰው የቀዳውን የሚጠረጥር የራሱን ጥላም እንደሚጠረጥር ነግሬያቸዋለሁ። በዕድሜዬ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

አቶ ወንድይራድ ሁሉንም አዳመጡ። መጨረሻ ላይ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ይቺስ አትሞትም" አሉ እየሳቁ። "ገና መኖር መጀመሯ ነው!" እጃቸውን ወደ ጋሽ ዘውዴ ዘረጉ። "ቅዳ፣ የሸዋረጋ ልጅ።"

ጋሽ ዘውዴ እንደገና ናጡ፣ ቀዱ። አቶ ወንድይራድ ተጎነጩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይሄ ጦስኝ ነው።"

"ነው፣ ጋሼ።"

"ጉንፋን ሲይዘን የምንጠጣው?"

"እሱው ነው። ዛሬ ለደስታ መጣ።"

ቃሉ ታሰረ። አስካለ ወጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። አቶ ወንድይራድ ሁለተኛ ብርጭቆ ሲቀርብላቸው፣ "ቆይ፣ ያንን ቆርቆሮ ለእኔ ስጠኝ" አሉ። ብርዱ እጃቸውን እንዳይነካው በጋቢያቸው ይዘው ናጡት፤ ክዳኑን ስላላጠበቁት ግማሹ ሁለተኛው ሽማግሌ ላይ ተረጨ። እሳቸውም እጅጌያቸውን እየላሱ፣ "እኔም ቀመስኩ" አሉ።

በቅሎዎቹ ተጭነው ሲቀርቡ አቶ ወንድይራድ ጠሩኝ።

"የሺመቤት፣ ጥር ላይ እንመጣለን። ያን ቀን ልጅቷን መርቆ የሚያስረክበን ወንድ ፈልጊ። አንቺ ግን እንዳትሆኚ፣ ሰርጉ ይመሽብናል።"

ከሄዱ በኋላ ጋሽ ዘውዴ ብርጭቆዎቹን አጥበው አንድ በአንድ በጨርቃቸው ጠቀለሉ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

"እግዜር ይስጥሽ፣ የሺ።"

"እርስዎንም" አልኩ። ቃሌ አልቆ ነበር።

በማግስቱ ራሴ እየከበደኝ ተነሣሁ። ኪዳን አድርሼ አመስግኜ ስወጣ የገበያ ቀን ነበርና ጥጥ ተራ ሄድኩ። በጥር ለሰርግ የሚደርስ፣ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ባዘቶ ስጪኝ አልኳት ሻጯን። እንደማውቃት ታውቀኛለች፤ ቤቴ ጋቢ የሚለብስ ወንድ እንደሌለም ታውቃለች።

"ለማን ነው?"

"ለአስካለ አባት።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ከየት መጣ?"

"ከጎረቤት" አልኳት።

ባዘቶውን ታቅፌ ተመለስኩ። ቤቴ ሳልገባ የጋሽ ዘውዴን በር አንኳኳሁ፤ ትከሻቸውን ልለካ።